አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ የተከልኳቸው አራት ችግኞች

በጠራራ ፀሐይ ከባጃጅ ወርጄ ወደ ሠፈራችን የሚያስገባውን የጠጠር መንገድ ስይዝ መጀመሪያ የሚቀበለኝ ሽታ ነው፤ የእርጥብ ቅጠል፣ ጥላ ሥር የሰነበተ አፈር፣ ከአንዱ አጥር ሥር ወድቆ የበሰበሰ አቮካዶ ሽታ። ዲላ መሀል ከተማ አስፋልቱ ሲፋጅበት የዋለ ሰው እዚህ ሲደርስ ሳያስበው የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል። እኔ ግን ሁልጊዜ ትንሽ እቆማለሁ። ቦታውን ይህ ጥላ ሳይኖረው ስለማውቀው ነው፤ ሲተከል ያደረግሁትንም ስለማውቅ።

ልጅ ሳለሁ ቦታው የተዘጋ የቡና መቀሸሪያ ነበር። ማሽኑ ዝጓል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንኳኳል፤ ግቢው ውስጥ የቡና ገለፈት እንደ ኮረብታ ተከምሯል። ታላቅ ወንድሜ ታምራት፣ እኛ ቤት ታሜ የምንለው፣ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኝ ነበር፤ ጆንያ ላይ አስቀምጦ ከክምሩ አናት ቁልቁል የሚለቀኝ እሱ ነው። እናቴ የት እንደዋልን ስትጠይቅ ትምህርት ቤት እንላለን፤ ገለፈቱ ግን ከታሜ ፀጉር ላይ እየረገፈ ያጋልጠን ነበር። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከራቁቱ ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ከታች ያሉትን ቤቶች ጭቃ ይሞላቸዋል።

ታሜ አድጎ አስተማሪ ሆነ፤ ከመምህራን፣ ከነጋዴዎችና ከቢሮ ሠራተኞች ጋር አንድ የመኖሪያ ቤት ማኅበር ገባ። ለማኅበሩ የተሰጠው መሬት ያው የመቀሸሪያው ግቢ ሆነ። መጀመሪያ የታሰበው ዶዘር አስገብቶ ሁሉንም መደልደል ነበር። ታሜ ግን በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ስለ አባታችን ተናገረ። አባታችን ከወናጎ በላይ ባለው ማሳው ቤት የሠራው እንሰቱና ዋንዛው ካደጉ በኋላ ነው፤ ቤቱ ከሩቅ አይታይም፣ ጎርፍም ደርሶበት አያውቅም። እኛም ተዳፋቱን ሳንነካ ቤቶቹን አጠጋግተን እንሥራ፣ የጣሪያው ውሃ ወደ ችግኝ ይሂድ፣ የመቀሸሪያው የሲሚንቶ ወለል ተሰብሮ ለመሠረት ይዋል፣ ከሁሉ በፊት ግን ይተከል አለ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው መሐንዲስ፣ ለአየር ንብረት ተስማሚ ሠፈር ማለት ይኸው ነው ብሎ አጨበጨበ። ታሜ ቤት መጥቶ፣ አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራው የኖረው ነገር ለካ ስም አለው እያለ ሲስቅ አመሸ።

እትዬ ዘይነባ ግን አልተዋጠላቸውም። ገበያው ዳር የሸቀጥ ሱቅ ያላቸው፣ የማኅበሩ አባል ናቸው።

«መምህር፣ እኔ ከገጠር የወጣሁት እንሰት ሸሽቼ ነው፤ አንተ ደጄ ድረስ ልታመጣብኝ ነው?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ታሜም ሳቀ።

ሌላም ችግር ነበር። ዝናቡ ገብቷል፤ ማን የትኛውን ቦታ እንደሚያገኝ የሚለየው ዕጣ ግን የሚወጣው ከወራት በኋላ ነው። ለማያውቁት ሰው ማን ይተክላል? ታሜ፣ የማን እንደሚሆን ስለማናውቅ ነው ሁላችንም አሳምረን የምንተክለው አለ። ተስማሙ። ገና ለሚገቡ አባላት የተያዘው ቦታም ስላለ ለየአባሉ የሚተክልበት ሁለት ሁለት ቦታ ተሰጠ፤ ታሜ አንዱን ራሱ ያዘና አሥራ ሰባት ቁጥርን ለእኔ ለቀቀልኝ።

በየቦታው የሚተከለው አራት የዋንዛ ችግኝ ነበር። ከጉድጓዱ ሥር የበሰበሰ ገለፈት ጨምር፣ ችግኙ ያደገበትን ጥቁር ላስቲክ ቀደህ አውጣ፣ አለዚያ ሥሩ እዚያው ዞሮ ዞሮ ይታነቃል ብሎ አሳየኝ። እኔ የዚያን ቀን ከወናጎ ልጆች ጋር ግጥሚያ አለብኝ፤ በረኛ ነኝ። እሱ ወደ ራሱ ቦታ ዞር ሲል አራቱንም ከነላስቲካቸው ቀበርኳቸው፤ ገለፈትም አልጨመርኩ፤ በእግሬ ረግጬ ሮጥኩ። ሦስት ጎል ገባብኝ።

ቤት ስገባ ታሜ፣ «ላስቲኩን ቀደድክ?» አለኝ።

«አዎ።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም፣ ታሜ።»

እጄን አገላብጦ አየና ወደ እራቱ ዞረ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ታመመ። ለሕክምና ሐዋሳ ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ዕጣው ዘግይቶ በዓመቱ ወጣ። ማኅበሩ ስሙን አልሰረዘም፤ በእናቴ አዛወረው፤ እናቴ ደግሞ ዕጣውን አንተ አውጣ አለችኝ። እሷ ታሜ በእጁ የተከለው ቦታ እንዲደርሳት ስትጸልይ ሰነበተች። እኔ የምጸልየው ለአሥራ ሰባት ቁጥር ነበር፤ እሱ ከደረሰን ውሸቴን ማንም አያገኘውም። ከተከልኩበት ቀን ወዲህ ወደዚያ ቦታ ድርሽ ብዬ አላውቅም። እጄን የዕጣ ወረቀቶቹ ካሉበት ባርኔጣ ውስጥ ሳወጣ ዘጠኝ ቁጥር ሆነ። የእናቴም የእኔም ጸሎት አልተሰማም። አሥራ ሰባት ቁጥር የደረሰው ለእትዬ ዘይነባ ነበር።

አንድ ሳምንት እህል አልበላ አለኝ። በመጨረሻ ሱቃቸው ሄጄ፣ ሳሙና የሚገዙት ሰዎች እስኪወጡ ጠበቅኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ወንድሜን ዋሽቼው እንደሞተም ነገርኳቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን አፋቸውን ያዙ።

«ላስቲኩ ይወጣል እንዴ?»

«ይወጣል፣ እትዬ።»

«አዬ ጉዴ! እኔ እኮ ዕቃ የሚበረክተው ከነማሸጊያው ሲሆን ነው ብዬ ስምንቱንም እንደታሸጉ ቀበርኳቸው! እንዴት ነው የሚተከለው ብል ሰው ይስቅብኛል ብዬ ሳልጠይቅ!» ከመደርደሪያው አዲስ ቢላ አወረዱ፣ ሱቁን ቆለፉ። «ና፣ ምን ትገተራለህ፤ ምራኝ።»

አሥራ ሰባት ቁጥር ስንደርስ ግራ ገባኝ። ሁለቱ ችግኞች ከጉልበቴ በታች ቀርተው ቅጠላቸው ገርጥቷል፤ ሁለቱ ግን ወገቤ ጋ ደርሰዋል። የመጀመሪያውን ቆፈርኩ፤ ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ እንደ ገመድ ተጠቅልሏል፤ ግን ሕይወት አለው። ቀደድኩለት። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው፣ ከረጃጅሞቹ አንዱ፣ ሥሩ አፈሩን ሰንጥቆ ሄዷል፤ ላስቲክ የለም፤ ከሥሩ ጥቁር የበሰበሰ ገለፈት አለ።

«ውሸታም! ይኼንንማ ቀደሃል» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«አልቀደድኩም።»

«ታዲያ ማን...» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ከመታመሙ በፊት በነበሩት ሳምንታት ታሜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሱሪው ጉልበት ላይ አፈር ይኖር ነበር፤ ደከመኝ እያለ ይተኛል። አልጠየቅኩትም። ሁለቱን ጨርሷል፤ ለሌሎቹ ሁለት አቅም አጥቶ ይሁን ጊዜ፣ አላውቅም።

በማግስቱ እትዬ ዘይነባ ማኅበሩን ሰበሰቡ፤ የራሳቸውን ጥፋት ለፍፈው ሰውን ካሳቁ በኋላ ሌሎችም ቀስ እያሉ፣ እኛም ከነላስቲኩ ነው የተከልነው ብለው እጃቸውን አወጡ። በዚያ ሳምንት ተዳፋቱን ሙሉ ስንቆፍርና ስንቀድ ሰነበትን። ቤቶቹ ኋላ ተሠሩ። ከታች ያሉት ቤቶች ጭቃ ከገባባቸው ዓመታት አለፉ፤ የእትዬ ዘይነባ የልጅ ልጆች ከአራቱ ዋንዛዎች የትኞቹ ዘግይተው እንደጀመሩ ቢጠየቁ መለየት አይችሉም፤ እኔ ብቻ እለያለሁ።

ታሜን ሳስብ ብዙ ነገር እንደቀረብኝ አውቃለሁ፤ ሰርጉ፣ ልጆቹ፣ ቢኖር ኖሮ የሚቀመጥበት በረንዳ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን አስቀምጦኝ፣ ለምን ዋሸኸኝ ብሎ በደንብ ሊቆጣኝ ይገባው ነበር። ያንን ቁጣ እስካሁን እፈልገዋለሁ።