ሆዱን የሚያመው ሯጭ

ሯጭ ነበርኩ ስል የሰው ዓይን ቦግ ይላል። «ማራቶን?» ይሉኛል። መቶ ሜትር ስላቸው ያ ዓይን ይከስማል። አንድ የወልቂጤ ባጃጅ ነጂ እንዲያውም፣ «ጋሼ፣ መቶ ሜትርማ እኔም ሒሳብ አልቀበልበትም» ብሎኛል። ልጁ ልክ ነው። እድሜ ልኬን የለፋሁበት ሙያ ከመናኸሪያው በር እስከ ዳቦ ቤቱ አይደርስም።

ሆኖም ፈጣን ነበርኩ። የተወለድኩት ጎንደር ነው። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ፣ እኛም ቤተ እስራኤል። ጎረቤቶቻችን ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ እያሉ ያሙን ነበር። ልጅ ሆኜ ይህንኑ ለማየት ስንት ሌሊት እንቅልፌን አጥቼ ጠብቄአለሁ፤ አንድም ቀን አልሆነልኝም። ሆኖልኝ ቢሆንማ ሜዳሊያ አይቀርብኝም ነበር።

ሕጋችን ብዙ ነው። ለሯጭ የሚከብዱት ግን ሁለቱ ናቸው፤ ቅዳሜ ሥራ የለም፣ ሌላ ሰው ያረደውን ሥጋ መብላት የለም። የክፍለ ሀገሩ ቡድን ውስጥ ስገባ ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። ማጣሪያው ሐሙስና ዓርብ፣ ፍጻሜው ቅዳሜ ይውላል። ዓርብ ሁሉንም ጥዬ እገባለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሆዴን ይዤ እጥቀለላለሁ። በሦስተኛው ጊዜ አሠልጣኛችን ፊቴን አገላብጠው አዩና «ይኼ ልጅ ኮሶ አለበት። ጥሬ ሥጋ አብዝቶ ነው» ብለው ፈረዱ። ከእናቴ ቤት ከወጣሁ እንኳን ጥሬውን የበሰለውንም አልቀመስኩም። ግን ምን ብዬ ልከራከር? ያንን መራራ መድኃኒት አንድ ጣሳ ሙሉ ጨለጥኩት። በሕይወቴ ቅዳሜ ቀን የሮጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ወደ ሽንት ቤት። ፈጣሪ እንደ ሥራ አይቆጥርብኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ለዋናው ቡድን ምርጫ ሲደርስ ስሜ አጠገብ «ፈጣን ነው፣ ግን ሆዱን ያመዋል» ብለው ጻፉ። የሩጫ ታሪኬ ይኸው ነው።

ከዚያ የስፖርት መምህር ሆኜ ወልቂጤ ተመደብኩ። እዚህ ደግሞ ሁለተኛው ውሸት ጠበቀኝ፤ ይኼኛውን እንኳ እኔ አልፈጠርኩትም። በመጀመሪያው መስቀል የጋበዙኝ ሰዎች ክትፎ ሲያቀርቡልኝ «አልበላም» አልኩ። አንዲት ሴትዮ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስእለት አለበት መሰለኝ» አለች። ዝም አልኩ። ዝምታዬ ሥር ሰደደ። በዓመቱ እኔ ዘወትር የምጾም፣ ከዓለም የተለየሁ ሰው ሆኜ አረፍኩት። ቤት ያፈራው በቅቤ ሲርስ ለእኔ ደረቅ ጎመን ለብቻው ይሠራልኛል፤ ሽታው እንዳይፈትነኝ ብለውም ጥግ ላይ ለብቻዬ፣ በክብር ያስቀምጡኛል። ሕጌ እኮ ቅቤ አልከለከለኝም! የከለከለኝ ውሸቴ ነው።

እንዲህ ሆኜ አርባ አምስት ዓመት ኖርኩ። ወንድምና እህቶቼ አገር ለቀው ሲሄዱ እኔ የፈተና ወረቀት ሳርም ነበር። ከቤቱ ሁሉ ፈጣኑ እኔ፣ የቀረሁትም እኔ። ሚስት አላገባሁም። በቀኜ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር አለ፤ መካ ደርሶ ከመጣ ወዲህ ሐጂ እንለዋለን። በግራዬ ባሏ የሞተባት እትዬ አለች። በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ «መምህር፣ በጾምህ አስበኝ» ትለኛለች። እኔም «እሺ» እላለሁ።

ባለፈው ጥር ላይ ቡታጅራ የጡረተኛ መምህራን ውድድር ተዘጋጀ። መቶ ሜትር ነበር የተባለው፤ ኋላ አዘጋጆቹ ሬሳ መሸኘት ፈርተው ወደ ስልሳ አወረዱት። ቀኑ እሁድ ነው፤ ሆዴን አላመመኝም። አምስት ሽማግሌዎች ተሰለፍን። አንዱ ገና ሳይነሳ ጫማው ወለቀ፣ ሌላው ደጋፊዎቹን ሰላም ለማለት ቆመ። እኔ ሮጥኩ። ከሐጂ በአንድ ክንድ ቀደምኩ። ሽልማቱ በግ ነበር።

በጉን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስረን በተራራው መንገድ ስንመለስ ረዳቱ፣ «ጋሼ፣ በጉ ነው ያሸነፈው ወይስ እርስዎ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ልቤ ግን ሌላ ነገር ያሰላ ነበር። በአርባ አምስት ዓመት አንድ ሰው ቤቴ ጠርቼ አብልቼ አላውቅም። እምድብርን ስናልፍ ቆረጥኩ፤ በጉን በገዛ እጄ አርጄ፣ እትዬንና ሐጂን አስቀምጬ፣ አንድ ምሳ ከሰው ጋር እበላለሁ። ለዚህ ግን መናገር አለብኝ። ከተናገርኩ ደግሞ ያሉኝን ሁለቱን ሰዎች ላጣ እችላለሁ።

እትዬ ከበራችን ተቀበለችን። «እሰይ መምህር! አሁንስ ጾሙን ትፈታለህ። ዲያቆን ልጥራ?»

«እኔ እያለሁ ምን ዲያቆን አስፈለገ?» አለ ሐጂ። «ቢስሚላህ ብዬ በአንድ አፍታ እገላግለዋለሁ። ከዚያ ብቻዬን እበላዋለሁ።»

«አንተ ሁለተኛ የወጣህ ዝም በል» አልኩት።

«ፊሽካው ሳይነፋ ተነስተህ!»

«የማርደው እኔው ነኝ» አልኩ።

እትዬ ገረማት። «አንተ? በስመ አብ ብለህ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ቢስሚላህ ልትል ነው?» ብሎ ሐጂ ሳቀ።

«እሱንም አይደለም። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ።»

በጉ ብቻ ጮኸ። እትዬ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ አፏን ሸፈነች። ያንን አሸፋፈን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ዓይናችንን የሚፈራ ሰው እንዲያ ያደርጋል። ቆይታ ከነጠላው ሥር፣ «ያን ሁሉ ዓመት በጾምህ አስበኝ ስልህ?» አለች።

«አስቤሻለሁ።»

«በየትኛው ጾም!»

ቤቷ ገብታ ዘጋች። ሐጂ ጢሙን እያሻሸ፣ «እኔ ደግሞ ክርስቲያን መስለኸኝ ስንት ዓመት ሳዝንልህ» አለ።

«አሁንም እዘንልኝ፤ ብዙ የተለወጠ ነገር የለም» አልኩት።

በማግስቱ አባቴ እንዳሳየኝ አረድኩ። ወጡን ግን ያሳየኝ ስለሌለ አሳረርኩት። ሦስት በርጩማ ደረደርኩ። ቀትር ላይ ሐጂ ቆጮና ጎመን በሰሃን ሸፍኖ መጣ። «ሥጋህን አልበላም» አለ ገና ሳይቀመጥ። «መጽሐፉስ ይፈቅድ ይሆናል፤ ሚስቴ ግን አትፈቅድም።» እሱ የራሱን እኔ የራሴን በላን። ፊሽካው ሳይነፋ መነሳቴን አራት ጊዜ አስታወሰኝ። ከዚያ ሶላት ደረሰብኝ ብሎ ሄደ። ሦስተኛው በርጩማ ላይ ማንም አልተቀመጠም። የተረፈውን ሥጋ ዘልዝዬ ገመድ ላይ ሰቀልኩት፤ ለአንድ ሰው አንድ በግ ብዙ ነው።

ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም ከአጥሩ ማዶ ድምፅ የለም። ጠዋት ጠዋት ወጥቼ እስላለሁ። ጉንፋን ግን አልነበረብኝም።

ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እሳቴን ሳጠፋ እትዬ ጠራችኝ። «ሐጂ ነገረኝ። ነገ እሳት አትነካም አሉ። ታዲያ ምን ትበላለህ?»

«የዛሬውን፣ ቀዝቃዛውን።»

«መጥቼ ላንድድልህ?»

«ለእኔ ተብሎ ሌላ ሰውም አያነድም።»

«ኧረ ምን ጉድ ነው! ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። «መጥተሽ ቁጭ ብትዪልኝ» አልኩ። ወደ ቤቷ ገባች።

ቅዳሜ ከሰዓት መጣች። ደህናውን ወንበር ባቀርብላትም እንቢ ብላ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች፤ ለማምለጥ የሚመች ቦታ ነው። የሚቀርብ ነገር የለም፣ የሚጨስ ምድጃ የለም። ሁለታችንም እጃችንን የምናስቀምጥበት አጣን። ቤቱን በዓይኗ ዞረችው።

«ሌላስ ምን ምን ይከለክላችኋል?» አለች።

«ብዙ ነው።»

«ንገረኛ። ዛሬ ሥራ የለኝም።»

ከአባቴ ወናፍ ጀምሬ እነግራት ጀመር። ወሬ ማሳመር እወዳለሁና አስረዘምኩት። ገና እናቴ ዘንድ ሳልደርስ ነጠላዋ ከአፏ ወርዶ፣ ራሷ ወደ ትከሻዋ ዘንበል ብሎ እንቅልፍ ወሰዳት። አልቀሰቀስኳትም። ቤቴ ውስጥ የሌላ ሰው ትንፋሽ ከሰማሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል።