ሳይደርስ ያጨድነው

አባቴ መቀሌ አጠገብ ካለችው ከቁሓ ወዲያ፣ ከተማው አልቆ ገጠሩ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ የሚያርሱት መሬት አላቸው። ሰፊ አይደለም። ታችኛው ጫፉ ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲመታው እግር ይዞ አይለቅም። ላይኛው ድንጋያማ ስለነበር ድንጋዩን እየለቀሙ ሦስት እርከን ሠርተውበታል። የሚዘሩበት ሐንፈጽ ነው፤ ገብስና ስንዴ አንድ ላይ ተደባልቆ የሚዘራው። ዝናቡ ቢያጥር ገብሱ አይቀርም፣ ቢረዝም ስንዴውም ይጨመርበታል ይላሉ።

እናቴ የወሎ ሰው ናት። መቀሌ መጥታ ልብስ ስትነግድ ነው የተጋቡት። እኔ ከእሷ ጋር አማርኛ፣ ከእሳቸው ጋር ትግርኛ እየተናገርኩ አደግሁ፤ ሦስታችን ስንቀመጥ ግን ወሬያችን ወደ አማርኛው ያደላል፣ የአባቴም አማርኛ የራሳቸው ዓይነት ነው። ተምሬ ቀያሽ ሆንኩ። በቅየሳ የተመረቅሁ ቀን አባቴ በጣም ደስ ብሏቸው፣ “መሬት የሚያውቅ ልጅ ወለድኩ” ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ቆሞ የነበረው የከተማ ማስፋፊያ ሥራ ሲቀጥል የእኛ ቡድን ወደ ቁሓ ወጣ። አለቃዬ ካርታውን መኪናው ኮፈን ላይ ሲዘረጋው ሦስቱን እርከኖች ወዲያው አወቅኳቸው። ይህ የአባቴ ነው ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ብናገር ከሥራው እነሣለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ በገዛ እጄ ልለካው ነው። ሜትሩን ከመኪናው አወረድኩ።

ለወሰን ምልክት የሚቸከለውን ፌሮ ቆራርጠን፣ ጫፉን ቀይ ቀብተን ነበር የመጣነው። ሁለተኛውን እንደቸከልን አባቴ ከበለሱ አጥር ጀርባ ብቅ አሉ። መጀመሪያ አለቃዬን፣ ቀጥሎ ሹፌሩን፣ በመጨረሻ እኔን አዩ።

“ከመይ ሓዲርኩም ደቀይ” አሉ፣ እንዴት አደራችሁ ልጆቼ፣ ለሦስታችንም እኩል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “አንቺ ልጅ፣ ሜትሩን ብቻሽን እንዴት ትችይዋለሽ? ጫፉን ለእኔ ስጪኝ” አሉ።

ሰጠኋቸው። ከእርከን እርከን እየወጡ የሜትሩን ጫፍ ያዙልኝ። ሲረግብ “ሳቢው” ይሉኛል፤ እኔም “እሺ አባባ” እላለሁ፣ እንደማላውቃቸው። ስንመለስ አለቃዬ መኪናው ውስጥ፣ “እንደዚህ ያለ ገበሬ አይቼ አላውቅም፤ ሌላው ይሳደባል” አለ። 

ማታ እራት ላይ፣ “ለምን ልጄ ናት አላሉም?” አልኳቸው።

“ዋእ! ብል ምን ይሆናል? አንቺን ያባርሩሻል፣ መሬቱን አይተዉልኝ።”

እናቴ እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ “ብዪ” አለች። 

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ገበሬዎቹ ለስብሰባ ተጠሩ። ከዚህ በኋላ ካሳ እስኪገመት ድረስ በመሬቱ ላይ አዲስ ነገር መዝራት፣ ዛፍ መትከል፣ ቤት መሥራት ተከልክሏል ተባሉ። መቼ ይገመታል ብለው ጠየቁ። በቅርቡ ተባሉ። ያን ክረምት አባቴ አልዘሩም። ዝናቡ ደግሞ ለሰው ሐንፈጽ ጥሩ ሆኖለት ነበር።

ገማች አልመጣም። በዓመቱ አባቴ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ወደ ገጠሩ ጣቢያ፣ ወደ ገበሬ ቀበሌው፣ ሄዱ። “እርስዎ ወደ ከተማ ተዛውረዋል፣ ስምዎ እዚህ የለም” አሏቸው። ወደ ከተማው ቢሮ ሄዱ፤ “ገና አልተረከብናችሁም” አሏቸው። ያ ቢሮ እኔ የምሠራበት ሕንፃ ምድር ቤት ነው። መቀሌ መሀል፣ ሓወልቲ ድረስ በእግራቸው መጥተው፣ ወረፋ ይዘው፣ ሳይጠሩኝ ተመለሱ። የጥበቃው ሰውዬ ነው በኋላ፣ “አንቺን የሚመስሉ ሽማግሌ ሲጠብቁ ዋሉ” ያለኝ።

ይባስ ብሎ ከጣቢያው አንድ ማስጠንቀቂያ መጣ። ያለ ምክንያት ሳይታረስ የሚከርም መሬት ተወስዶ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ይሰጣል ይላል። አባቴ ወረቀቱን አጣጥፈው በኪሳቸው ይዘው ነበር የጠበቁኝ። ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

“አንዱ ከዘራህ ትቀጣለህ ይለኛል። ሌላው ካልዘራህ እነጥቅሃለሁ ይለኛል። ስሜ የለም ያሉኝ ሰዎች ማስጠንቀቂያ ሲልኩ ግን ስሜን አገኙት። ጓለይ፣ እንደ ልጄ አይደለም፣ እንደ ባለሙያ ንገሪኝ። ልዝራ ወይስ አልዝራ?”

ሁለቱንም መመሪያ በሥራዬ አውቃቸዋለሁ። የትኛው እንደሚበልጥ ግን አላውቅም ነበር፤ አለቃዬን ብጠይቀውም፣ “እኛ ቀያሾች ነን፣ እኛን አይመለከትም” ነው ያለኝ።  እኔ ግን ፊታቸውን እያየሁ፣ “ይዝሩ” አልኩ።

ጎረቤት በሬ አውሷቸው፣ ወቅቱ ትንሽ አልፎ፣ ያለ ማዳበሪያ በፍግ ብቻ ዘሩ። ፌሮውን መንቀል ያስቀጣል። ስለዚህ በየፌሮው ዙሪያ ማረሻውን እያነሡ፣ እየዞሩ አረሱ። ቡቃያው ወጣ። እናቴ እሑድ እሑድ ይዛኝ እየሄደች አረምን። አባቴ መናገር ጀመሩ፤ ለካ አንድ ዓመት ሙሉ ብዙም አላወሩም ነበር።

ሐንፈጹ እሸት ሲይዝ አንድ ሐሙስ ቢሮ ውስጥ የሥራ መርሐ ግብር ታደለን። በሚቀጥለው ሳምንት ግሬደር ገብቶ የቁሓውን መንገድ ይከፍታል ይላል። የመንገዱ መስመር በሁለቱ የታችኞቹ እርከኖች ላይ ነው የሚያልፈው። ወረቀቱ የውስጥ ሥራ ነው፤ ለውጭ ሰው ማሳየት ክልክል ነው።  ከዚያ ወጥቼ ወደ ቤት ሄድኩና ነገርኳቸው።

“ስንት ቀን አለን?” አሉ።

“አራት።”

“ለመድረስ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።”

“ማሽኑ ከሚደፈጥጠው ለከብት ይሁን” አለች እናቴ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ማጭድ ይዘን ወረድን። እሸቱን ስትጨብጠው ወተት ያወጣል። አባቴ ከላይኛው እርከን ጀመሩ፣ እዚያ መንገዱ አይደርስም አልኳቸው፤ “አንዴ ከገቡ ማን ያቆማቸዋል?” አሉ። አይነኩትም ብዬ ልምልላቸው የምችልበት ነገር አልነበረኝም። ሁሉንም አጨድነው። ለበሬው ባለቤት ሰጠን፣ ለጎረቤት ላሞችም ሰጠን። የሚወቃ ፍሬ አልነበረውም።

ሰኞ ግሬደሩ አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ነዳጅ የለም ተባለ፤ ቀጥሎ ኦፕሬተሩ ሌላ ቦታ ተልኳል ተባለ። ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ከዚያም አንድ ወር። የፀሐዩ ሁኔታ ለመኸር የተመቸ ነበር። ከእኛ ማዶ ያለ፣ ስለ ግሬደሩ ያልሰማ ገበሬ፣ መስመሩ በእሱም ላይ የሚያልፍ፣ የደረሰ ሐንፈጹን አጭዶ፣ ወቅቶ፣ በአህያ ጭኖ ሲገባ አባቴ በር ላይ ቆመው “እንኳን ደስ ያለህ” አሉት።

እኔን አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን አልችል ብዬ፣ “አባ፣ ይቅር ይበሉኝ” አልኳቸው።

“ያየሽውን ነገርሽኝ። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ይቅርታ ይጠይቅ” አሉና ወጡ።

ግሬደሩ እስካሁን አልመጣም፣ ገማቹም አልመጣም። እናቴ ወሎ እህቶቿ ጋ እንሂድ፣ ትንሽ ሱቅ እንክፈት ትላለች። አባቴ ግን ገማቹ የመጣ ቀን ካልተገኘሁ ስሜን ይሰርዙታል ይላሉ። ስለዚህ ለቅሶ እንኳ ቢሆን ከመቀሌ አይወጡም። በጠዋት ወርደው መሬቱን ያያሉ፣ ተመልሰው ቁርሳቸውን ይበላሉ፣ ከሰዓት ደግሞ ይወርዳሉ።

እኔ ከሜዳ ሥራ ወደ ቢሮ እንዲያዛውሩኝ ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። ቀያሽ እጥረት አለ ተብሎ ተመለሰልኝ። ባለፈው ሳምንት በከተማው ሌላ ጫፍ፣ በሌላ ሰው ማሳ ስንለካ ዋልን። ባለማሳዋ ሴትዮ ማናችንንም ሰላም አላለችንም። ከጎኔ ቆማ ብቻ ስታየኝ ቆየች፤ እኔም የሜትሩን ጫፍ በድንጋይ አስይዤ ለክቼ ጨረስኩና መኪና ውስጥ ገባሁ።