«ቀሪ» የተባለው ድንኳን ተካይ

ዘርፉ ሰው መናቅ የጀመረችው ገና በሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ምክንያትም አላጣችም። ባሏ በዳዳ ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ልጃቸው ኢፋ አራት ዓመት ሞልቶት አፉን አለመፍታቱን ሲያይ፣ «ጅቡቲ ደርሼ እመጣለሁ» አላት። ይኸው ሃያ አምስት ዓመት አለፈ፤ ኢፋ እንኳ አፉን ፈታ። ጅቡቲ መቼም ይህን ያህል አትርቅም።

የአዳማ ጎረቤቶቿ ደግሞ ከበዳዳ የባሱ ነበሩ፤ እሱስ ቢያንስ ሄዶላታል። አንዷ «እርግማን ነው» አለች። ሌላዋ «እንግዳ ሲመጣ ባታወጪው» ብላ መከረቻት። ዘርፉ ሁሉንም ናቀቻቸው፤ የነገሯትን ግን አደረገች። የናቁትን ሰው ምክር መስማት ምን ዓይነት ንቀት እንደሆነ እሷ ትወቀው። ሞጆ ቆዳ ለማልፋት ስትሄድ፣ ኢፋን በር እየዘጋችበት አሥራ ስምንት ዓመት ተመላለሰች።

ከአራት ዓመት በፊት ነው ከጋሪ ማቆሚያው ጀርባ፣ በአንድ ኪራይ ግቢ ውስጥ፣ እንደ ኢፋ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች የሚውሉበት ማዕከል የተከፈተው። ሰፈርተኛው «የቂሎች ትምህርት ቤት» አለው። ሹማምንቱም በዓመት አንድ ቀን ባነር ይዘው ይመጣሉ፣ ሙዝ ያድላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ጢሙን ተላጭቶ ለመጣ ጎልማሳ ሙዝ ልጠው ሊያጎርሱት ሲዘረጉ ዘርፉ በዓይኗ አይታለች። ያን ቀን ለመንግሥት የቀራት አክብሮት ከሙዙ ልጣጭ ጋር ተጣለ።

አሠልጣኟ ሱሃይላ ግን ሌላ ነበረች። ሰው ግቢ ውስጥ አስቀምጦ ዶቃ ማስካት አይሆንላትም። ዳቦ ታስገዛቸዋለች፣ አስፋልት ታሻግራቸዋለች፣ ባጃጅ አስቁመው ራሳቸው እንዲነጋገሩ ታደርጋለች። የሰፈሩን እድር ንብረት የሚጠብቀው አብዱልሃኪምም ድንኳኑ ሻጋታ እንዳይበላው በየወሩ ፀሐይ ማግኘት ስላለበት፣ የማዕከሉ ሰዎች እየተከሉ እየነቀሉ እንዲለማመዱበት ፈቀደ። ኢፋ በዚህ ሥራ ተለከፈ። ካስማውን በሦስት ምት ያስገባል፤ ከዚያ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሮ ገመዱን አንድ በአንድ በእጁ ሳይሞክር አይቀመጥም።

የእድሩ ደንብ ግልጽ ነው። ለቅሶ ሲኖር ከየቤቱ አንድ ሰው ድንኳን ይተክላል። ተከላው ሲያልቅ ስም ይጠራል፤ ሰው ያልላከ ቤት «ቀሪ» ይባላል። አባል ሲሞት ቦታውን የሚወርሰው ለቤቱ ሲያገለግል ስሙ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰው ብቻ ነው። ዘርፉ ደግሞ ኩላሊቷ እየደከመ ነው፤ ሐኪሙ የነገራትን ለሱሃይላ እንጂ ለማንም አልተነፈሰችም። እሷ ስትሄድ ኢፋ እድር ከሌለው፣ ቢታመም በሩን የሚያንኳኳ፣ ቢሞት የሚቀብረው የለም። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ቀርቷል፤ የልጇ ስም እዚያ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ።

መዝገቡ ያለው ሰይፈሚካኤል እጅ ነው። ይህ የእድሩ ዳኛ ጡረታ ከወጣ አሥር ዓመት ቢሞላውም፣ ሁለት እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሳይሰካ ከቤት አይወጣም፤ የሚጽፈው ሲያጣ የሰው ስም ይሰርዛል። ስብሰባ ላይ «ኢፋ የሁላችንም ልጅ ነው» ይላል፣ ከአንገት በላይ። ኢፋ አምስት ለቅሶ ላይ ድንኳን ተከለ፤ ሰይፈሚካኤል አምስቱንም ጊዜ «ቀሪ» ብሎ ጻፈ።

«እድሩ የሚቆጥረው አስቦ የመጣ ሰው ነው፣ ወይዘሮ ዘርፉ» አላት ሰው በተሰበሰበበት ስትጠይቀው። «ደንብ ነው፤ አይቀየሙኝ።»

በኅዳር ወር በአንድ ማክሰኞ፣ ለሕክምና ከሁሩታ መጥታ ሰይፈሚካኤል ዘንድ የሰነበተችው እህቱ አረፈች። የሥራ ቀን ስለሆነ ወንዱ ሁሉ ሞጆና ገበያ ውሏል። እድርተኛው በየስልኩ «ነፍስ ይማር» ሲል፣ በእግሩ የመጣው ስድስት ሰው ነው። ሱሃይላ የማዕከሉን ሰዎች ይዛ ደረሰች። ነፋሱ የአዳማ ነፋስ ነው፤ ሸራውን ከነምሰሶው ሊወስደው ሁለት ጊዜ ቃጣ። ያቆመው ኢፋ ነው።

ስም ተጠራ።

«የወይዘሮ ዘርፉ ቤት።»

«አቤት» አለ ኢፋ፣ መዶሻውን እንደያዘ።

ሰይፈሚካኤል ቀና ብሎ አየው፤ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። እስክሪብቶው ግን አላዘነም።

«ቀሪ።»

ዘርፉ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው ነው።

«አቶ ሰይፈሚካኤል፣ የእህትዎን ነፍስ ይማር። ልጄ ቀሪ ከሆነ የተከለውም ቀሪ ነው። ኢፋ፣ ንቀለው።»

ኢፋ እናቱ ያዘዘችውን ሳያደርግ ቀርቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ መዶሻውን አየ። ሴቶቹ ከድንኳኑ ሥር ለመውጣት ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«እምቢ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ሰው ሞቷል፣ እማዬ። ሦስት ቀን ሳይሞላ አይነቀልም።»

 አብዱልሃኪም ወደ ዳኛው ዞረ።

«ጋሼ ሰይፈሚካኤል፣ የምንቆጥረው አስቦ የመጣን ሰው ነው ብለውን ነበር። እስቲ ይንገሩን፣ ዛሬ እዚህ ያሰበው ማነው?»

 ሰይፈሚካኤል መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አመቻቸና ዓይኑን ሳያነሳ ጠየቀ።

«የአባት ስም?»

«በዳዳ» አለ ኢፋ ራሱ፤ ዳኛውም ጻፈው።

ዘርፉ የለመነችውን አገኘች፤ ደስታው ግን አልመጣላትም። አምስት ጊዜ ቀሪ ያለውን ሰውዬ ስትንቅ ከርማ፣ እሷም ዛሬ ልጇን እንደ መዶሻው አንስታ ልትመታበት ነበር። ይህን ልትነግረው ሰዉን አልፋ ወደ እሱ ሄደች። ከየት እንደምትጀምር ግን አላወቀችም። ኢፋ ፊቷን አላየም፤ የሚያየው እግሯ ሥር ነው።

«እማዬ፣ ገመዱን ረግጠሻል።»

ለማንም ዘወር ብላ የማታውቀው ዘርፉ «ይቅርታ» አለችውና ዘወር አለችለት።