ባቡሩ የተያዘበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ከሸጎሌ ወደ ዊንጌት ስንመጣ ታክሲያችን መንገድ ላይ ቆመ። ዝናቡ የተቆፈረውን መንገድ ሞልቶታል፤ ከፊታችን መኪና በመኪና ተደርድሯል። አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ፣ «በሩን ክፈትልኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ» ቢለው፣ ረዳቱ ውጭውን አየና፣ «በዋና ነው እንጂ በእግር አይሆንም፣ ፋዘር» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

አጠገቤ የተቀመጠችው የእህቴ ልጅ ግን አልሳቀችም። ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ እኔ እስካሁን ሚጡ ነው የምላት። እህቴ ባለፈው ዓመት ካረፈች ወዲህ ያረጀ አባቷ እሷ ዘንድ ነው የሚኖረው። ታበላዋለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፤ አታናግረውም።

መስኮቱን እያየች፣ «አክስቴ፣ እማዬ ልትሞት ስትል፣ ‹አባትሽ ለባቡር ብሎ አንቺን ለሞት ሰጥቶሽ ነበር› አለችኝ። እውነት ነው?» አለች።

እዚያ ነበርኩ። መኪናውም የትም አይሄድም። ነገርኳት።

ጋሼ ደርቤ፣ አባቷ ማለት ነው፣ ከአዋሽ ማዶ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ የአንዲት ትንሽ ጣቢያ ኃላፊ ነበር። እህቴ አስካለ ስትወልድ እናታችን፣ «ሂጂና እህትሽን አርሰሽ፣ ክርስትናው ሲነሳ ትመለሻለሽ» ብላ ከጉለሌ ላከችኝ። ለጋብቻ ያልደረስኩ ኮረዳ ነበርኩ። የተወለደችው ሴት ሆነች። ወንድ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል፤ ሴት ሰማንያ ትጠብቃለች። የእኔም ቆይታ እጥፍ ሆነ።

ጣቢያዋ አንድ የድንጋይ ቤት፣ አንድ የውሃ ታንከርና ጥቂት ግራሮች ነበረች። ሌላው ሜዳ ነው። የግራሩ ጥላ ለፍየሎቹ እንኳ አይበቃም። የምንጠጣውን ውሃ የሚያመጣልን የውሃው ባቡር ነው፤ እሱ ሲዘገይ ፊቴን በእፍኝ ውሃ እታጠብ ነበር። ለመኪና የሚሆን መንገድ የለም። የመንገደኛው ባቡር ሲቆም የአገሩ ሴቶች የፍየል ወተት ይዘው ይመጣሉ፣ ሰው ይንጫጫል፣ የተቀቀለ እንቁላል ይሸጣል። ከዚያ ይሄዳል፤ ዝምታው ተመልሶ ይወርዳል። የዕቃው ባቡር ደግሞ ጭራሽ አይቆምም። ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ ቆሜ አይ ነበር። የጉለሌ ብርድ፣ በማለዳ ከባሕር ዛፉ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ፣ ይናፍቀኝ ነበር። ሰው ብርድ ይናፍቀዋል ቢሉኝ ኖሮ አላምንም ነበር።

ክረምቱ ገባ። ቆላ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። አንድ ድልድይ ወስዶ መስመሩ ተዘግቶ ሰነበተ፤ ውሃ የሚያመጣልንም ቀረ። ሚጡ የታመመችው ያኔ ነው። ተቅማጥ ያዛት፤ ጡት እንቢ አለች። ድልድዩ ተጠግኖ የመንገደኛው ባቡር ሲመጣ ድሬዳዋ ሆስፒታል ልንወስዳት ተሳፈርን።

ባቡሩ አልሄደም።

እዚያ መስመር ላይ ሃዲዱ አንድ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ጣቢያ በስልክ «መስመሩ ነጻ ነው» ካላለ ኃላፊው ባቡር አይለቅም። ስልኩ እጀታውን እያዞሩ የሚደውሉበት ነበር። ጋሼ ደርቤ አዞረ። መልስ የለም። ደግሞ አዞረ። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ሰዉ ከፉርጎው እየወረደ ጣቢያውን ሞላው። ከበርሜላችን የቀረውንም ውሃ ጠጣው።

አንዲት የድሬዳዋ ነጋዴ ሻሿን ወገቧ ላይ አስራ፣ «አቦ ልቀቀን! ቲማቲሜ ድልህ ሆነ!» እያለች ትጮሃለች።

እህቴ ሕፃኗን እንዳቀፈች ቢሮው ደጃፍ ላይ ተንበረከከች። «ደርቤ፣ ልጅህ እጄ ላይ እያለቀች ነው።»

«ድልድዩ ዳግም ሄዶ ቢሆንስ? ይህን ሁሉ ሰው ገደል ልስደደው?»

«አልሄደም!»

«በምን አወቅሽ?»

«አንተስ በምን አወቅህ?»

ወደ ስልኩ ዞረ። እጀታውን ያዞራል። መዳፉ ውሃ ቋጥሮ ሲፈነዳ አየሁ።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ነበሩ። ሕፃኗን ገልጠው አዩና፣ «ክርስትና ተነስታለች?» አሉ።

«ሰማንያዋ አልደረሰም፣ አባ» አልኳቸው።

«ለሞት ለቀረበች ሰማንያ አይጠበቅም። ውሃ አምጡ። ሜሮኑን ስትድን ቤተ ክርስቲያን ትቀባለች።»

«ስትድን» አሉ። ያቺን ቃል ያዝኳት።

ውሃ ግን አልነበረም። ታንከሩን ብንደበድበው ባዶ ጮኸ። ያቺ ቲማቲም ነጋዴ፣ የእስላም ሴት ናት፣ ለራሷ የያዘችውን ጀሪካን ከባቡሩ አወረደች። «እንቺ፣ ውሰጂ። እኔ ቲማቲሜን እበላለሁ» አለችኝ።

ቄሱ ጸሎታቸውን አደረሱና፣ «የክርስትና እናቷ ማን ናት?» አሉ። እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ተቀበልኳት። ገላዋ እንደ ፍም ይፋጃል፤ ክብደት የላትም። ውሃው ሲነካት ቀኑን ሙሉ ዝም ያለችው ልጅ አለቀሰች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ነጋዴዋም አብራ። ቀና ስል ጋሼ ደርቤን በቢሮው መስኮት አየሁት። በግራ እጁ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ በቀኙ ያማትባል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ የሃዲድ ሠራተኛ ከወዲያኛው ጣቢያ በእግሩ መጣ። «መስመሩ ደህና ነው። የወደቀው የስልኩ እንጨት ነው» አለ። ጋሼ ደርቤ ወዲያው አረንጓዴውን ባንዲራ አነሳ። ስናልፍ እህቴ ፊቷን አዞረች።

ድልድዩ ቆሞ ነበር። ቀኑን ሙሉ የታገትነው ነጻ መስመር ላይ ነው። ሚጡን ሆስፒታል ግሉኮስ ሰጧት፤ እግዚአብሔር መለሳት። እህቴ ወደ ባሏ ተመለሰች፣ እስከ መጨረሻው አብራው ኖረች። ለዚያች ቀን ግን ይቅር አላለችውም።

ነግሬ ስጨርስ ሚጡ ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞረች።

«መዳፉ ፈነዳ አልሽኝ?»

«ፈነዳ። እጀታው ላይ ደም ነበር።»

«አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም እኮ።»

«ምን ብሎ ይንገርሽ? ድልድዩ ቆሞ ነበራ።»

መንገዱ ተከፍቶ ዊንጌት ወረድን። ሚጡ ፍራፍሬ ሻጩ ዘንድ ቆመች። «አባቴ ፓፓያ ይበላል እንዴ?»

«አብረሽው የምትኖሪው አንቺ ነሽ። እኔን ትጠይቂኛለሽ? እሱን ጠይቂው።»

ትልቁን መርጣ ገዛችና፣ ጃንጥላዋን እንኳ ሳትዘረጋ፣ ቶሎ ቶሎ እየተራመደች ወደ ቤቷ ሄደች።

እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ የምለምነው፣ «ጌታዬ፣ ከዚህ ጣቢያ እኔን ብቻ አውጣኝ» እያልኩ ነበር። እሱ ግን ሁላችንንም ነው ያወጣን፤ አንዳንዶቻችንን እስካለፈው ቅዳሜ ዘግየት አድርጎ። ስሙ ይመስገን።