ሣር ሞልቶ ላሞቹ የከሱበት ሜዳ

ሰኞ፣ ከወልዲያ ወደ ኩልመስክ

ከወልዲያ የተነሣሁት ማለዳ ነው፣ በእህል ጭነት መኪና ጋቢና ሦስተኛ ሆኜ። የእንስሳት መኖ ባለሙያ ነኝ። የላስታ ገበሬ ከየጎጡ ተነሥቶ በመንደር እንዲሰበሰብ ከተደረገ ወዲህ በአንዱ አዲስ መንደር ከብቱ እየከሳ ነው ስለተባለ፣ ምክንያቱን አጣርቼ እንድጽፍ ተላክሁ። አለቃዬ ግን ገና ሳልነሣ መልሱን ነግሮኛል። «ሜዳው አረንጓዴ ነው። ገበሬው ሰንፎ ነው፤ ይህንኑ ጻፍ» አለኝ። በድልብ ዳገት አቧራ ስንቅም ውለን ኩልመስክ ገባን። ሽሮ በገብስ እንጀራ በልቼ አደርሁ።

ማክሰኞ

አራት ሰዓት በእግር ተጉዤ መንደሩ ደረስሁ። ጎጆዎቹ እንደ ጦር ሰፈር በመስመር ተደርድረዋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከአንድ ጉብታ ላይ ሜዳውን አሳየኝ። በእውነትም ለምለም ነበር።

«ከብት ሁሉ እዚሁ ይውላል። ተራራው ክልክል ነው» አለኝ።

ረቡዕ

ጠዋት እትዬ የሺ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት መጡ።

«ልጄ፣ ከሩቅ አይተህ ነው የምትጽፈው? ና፣ ከላም ኋላ እንሂድ» አሉኝ።

ሄድን። ላሞቹ ለምለሙ ሣር ዘንድ ይደርሳሉ፤ ያሸታሉ፤ ትተውት ያልፋሉ። ጎንበስ ብዬ ሳይ በየለምለሙ ሥር እበት አለ። በመካከል ያለው ሣር ደግሞ እስከ ሥሩ ተግጦ መሬቱ ተልጧል።

«ላም በእበቷ ላይ የበቀለ አትበላም» አሉ እትዬ የሺ። «ከለቀቅናት ጠዋት ጠዋት ውርጩ ቀድሞ ወደሚለቅበት የተራራው ተረተር ትወጣለች። ቀትር ላይ ወደ ምንጩ ትወርዳለች። ወደ ጋጠችበት ሳትሰነብት አትመለስም። እኛ እንከተላለን እንጂ የምትመርጠው እሷ ናት።»

«የእርስዎ ላም የትኛዋ ናት?»

«እስር ቤት ናት።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ወስደው አሳዩኝ። በማኅበሩ ግቢ ወደ ተራራው የወጡ ሰባት ላሞች ታጉረዋል። ከትናንት ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም። የእትዬ የሺ ጥጃ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ታለቅሳለች። ደሜ ፈላ።

«እነዚህ ምን አጠፉ?» አልሁት ሊቀ መንበሩን።

«ክልከላ ጥሰዋል።»

«ላም ክልከላ ታውቃለች?»

«ትእዛዝ ነው። ወረቀት ካለህ አምጣ።»

ሥልጣኑ አልነበረኝም። ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ «ለጥናት ሲባል ከብቶቹ ወደ ተራራው ይለቀቁ» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ በሩንም ከፈተ። ላሞቹ ምንጩ ላይ ጠጡ። ከዚያ ያን ለምለም ሜዳ አንዴም ሳያጎነብሱ አቋርጠው ወደ ተረተሩ ወጡ። እትዬ የሺ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ዓርብና ከዚያ በኋላ፣ ወልዲያ

አለቃዬ ሪፖርቴን አነበበ።

«ሜዳው አረንጓዴ ነው አይደለም?»

«አረንጓዴ ነው። ግን አይበሉትም።»

የራሱን አስተይቦ «ፈርም» አለኝ። መኖው በቂ ነው፣ ጥፋቱ የገበሬው ነው ይላል። አልፈርምም አልሁ። በማግስቱ ኩልመስክን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ባልደረባዬ ፈረመ። በሳምንቱም ተራራው መልሶ መዘጋቱን ሰማሁ።

በሁለቱም ተናድጃለሁ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው፦ ማክሰኞ ዕለት፣ ጉብታው ላይ እንደቆምሁ ያንን የአለቃዬን ወረቀት ቢሰጡኝ ኖሮ እፈርመው ነበር።