ወደ ኋላ የዞረው ፋን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳን አልነገርኳቸውም። ልናዘዝ መቶ ጊዜ ሄጄ መቶውንም ጊዜ አስቄያቸው ተመልሻለሁ። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ሃያ ሁለት ሰፈር ባለችው ጋራዤ ግማሹ ሰው የሚመጣው መኪና ሊያሠራ፣ ግማሹ ሊስቅ ነው። እናንተ ግን ፊቴን ስለማታዩት ልሞክር።

ጋሽ ከድር የወይዘሮ አስቴር ሹፌር ነበሩ። ወይዘሮ አስቴር ሩዋንዳ ሰፈር የእንግዳ ማረፊያ አላቸው፤ የጋሽ ከድር ሥራ እንግዳ ከኤርፖርት ማምጣት ነው። መኪናዋ ግን ኤሲ ሲዘጋ ደህና ሆና፣ ሲከፈት ትግላለች። አንድ ቀን እንግዳ ጭና መንገድ ላይ እንፋሎቷን ለቀቀችው። ወይዘሮ አስቴር እሳት ለብሰው፣ ሹፌራቸውን ይዘው መጡ።

ኮፈኑን ከፍቼ ኤሲውን አስከፈትኩ። ኤሲ ሲሠራ የሚነሳው ፋን ይዞራል። ሌላ መካኒክ ቢሆን “ፋኑ ደህና ነው” ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ቁራጭ ሶፍት ከመኪናዋ ፊት አስጠጋሁ። ፋኑ ሶፍቱን ወደ ውስጥ መሳብ ነበረበት። ገፍቶ መለሰልኝ። ለካ የሚዞረው ወደ ኋላ ነው፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ነፋስ ወደ ውጭ ያባርረዋል። የፋኑ ሁለት ሽቦዎች ተቀያይረው ታስረዋል። ያሰራቸውስ ማን ነው? እኔ። ከወር በፊት ፋኑን ስቀይር፣ ወሬ እየጠረቅሁ፣ በዚህ በእጄ።

“እህ፣ ምንድነው?” አሉ ወይዘሮ አስቴር።

“ጥፋቱ የኔ ነው” ማለት ምን ይከብዳል? ግን ደንበኞቼ ከበውናል፤ ሁሉም ለመሳቅ ተዘጋጅቶ አፍ አፌን ያያል።

“እትዬ አስቴር፣ እኚህ ሰውዬ መኪና አይነዱም እኮ! ማንቆርቆሪያ ጥደው ነው የሚዞሩት! ውሃ የሚባል ነገር አያዩ፤ ከኤርፖርት ሩዋንዳ እስኪደርሱ ለአንድ ክፍለ ጦር ሻይ ያፈላሉ!”

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ አስቴርም ሳይወዱ ሳቁ። እናንተስ? ፈገግ ብላችኋል አይደል?

ጋሽ ከድር ብቻ አልሳቁም። “ውሃዋን ጠዋት ጠዋት አያለሁ” አሉኝ ቀስ ብለው። “ውሃ ቢያንሳትማ ኤሲው ሲዘጋም በጋለች ነበር። ያኔ ለምን አትግልም?”

መልሱ፣ ያ ሶፍት፣ መዳፌ ውስጥ ተጨማድዷል።

“ጋሼ፣ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል እንጂ ይጠይቃል እንዴ?” አልኳቸው። እንደገና ሳቅ።

ወይዘሮ አስቴር ቁልፉን ከጋሽ ከድር ተቀብለው እዚያው ከሥራ አሰናበቷቸው። ሰው ሲበተን ሽቦዎቹን በየቦታቸው መልሼ አሰርኩ፤ ለሲጋራ እንኳን የማይበቃ ጊዜ ነው የፈጀው። ከዚያ በአዲሱ ሹፌር እጅ መኪናዋ ኤሲ ተከፍቶ ውላ ብትገባ የማትግል ሆነች። “አየህ፣ ከድር ነበር” አሉኝ ወይዘሮ አስቴር፣ እያመሰገኑ። ጥገናዬ ራሱ መሰከረባቸው። እኔም ዝም አልኩ። እኔ፣ ለቅሶ ቤት እንኳን ዝም የማልለው!

ቀልዱ ግን ዝም አላለም። ጋሽ ከድር ሥራ ፍለጋ የሄዱበት ሁሉ ቀድሟቸው ደረሰ። ባለፈው ሾላ ገበያ አንዲት በርበሬ ነጋዴ “ጋሽ ማንቆርቆሪያ!” ብላ ስትጣራ ሰማሁ። ጆንያ የተሸከሙ ሽማግሌ “አቤት” ብለው ዞሩ። ለኔ ስድብ አቤት አሉ። እኔ ጀግናው ሽንኩርት ክምር ጀርባ ተደበቅኩ።

ልጅነት ነው ልበል? ፂሜ ሸብቶ ነበር። ደንበኛ እንዳይሸሸኝ ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቻለሁ፤ ግን ሳቁም ጣፍጦኛል። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ቀልዱን የሰማችሁ ካላችሁ ግን ይህንንም ስሙ፦ ስማቸው ከድር ነው። ውሃ ሳያዩ ሞተር አስነስተው አያውቁም። ፋኑን ገልብጬ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ሾላ ከጋራዤ በእግር ይደረሳል። እስካሁን ተመልሼ አልሄድኩም።