የእረኛ ስም ያልወጣለት ወንድሜ

ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው እዚሁ ስፔን፣ ሳላማንካ ከተማ፣ ከታናሽ ወንድሜ ከካዬታኖ ጋር ነው። ካዬታኖ ለልጆች ላቲን ያስተምራል። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ውሎ ድምፁ ሰልሎ፣ ትከሻው ወርዶ ይገባል። ሐሙስ ሐሙስ ግን ድካሙን የት እንደሚጥለው አላውቅም፤ ወንበር ይደረድራል፣ ማንደጃው ላይ ከሰል ይጨምራል፣ «እታለም፣ ቸኮሌቱ ወፈር ይበል» እያለ እኔንም ያዋክበኛል።

ሐሙስ የከተማው ገጣሚዎች እኛ ቤት ይሰበሰቡ ነበር፤ ዳኞች፣ መነኮሳት፣ የሕግ ተማሪዎች። አንዱ ስለ ማረሻና ስለ መንገድ የጻፈውን ያነባል፣ ሌላው ስለ ሴቶች ትምህርት ይከራከራል፤ ቸኮሌቱን የምታፈላውን ሴት ግን የጠየቃት የለም። ከዚያ ግጥሙ ይቀጥላል። በግጥሙ ውስጥ ሁሉም እረኞች ናቸው። በግ የሚያውቁት ሳህን ላይ ሲቀርብ ነው፤ ቢሆንም እያንዳንዳቸው የእረኛ ስም ነበራቸው። ስሙን ለራስ ማውጣት ነውር ነው፣ የሚያወጡት ጓደኞች ናቸው። ከወጣ በኋላ በደብዳቤም በጨዋታም ሰውየው በዚያው ይጠራል። አባ ሴራፒዮ የሚባሉት ወፍራም መነኩሴ ዴልሚኖ ይባሉ ነበር። እሳቸውን «ዴልሚኖ» ብለው በጠሯቸው ቁጥር ሳቄ እንዳያመልጠኝ ጓዳ እገባለሁ።

ለካዬታኖ ግን ማንም ስም አላወጣለትም። ቤቱ የሱ፣ የሁሉንም ግጥም በዚያ ባማረ ድምፁ የሚያነበው እሱ፤ ሲጠሩት ግን «ዶን ካዬታኖ፣ እባክዎ መስኮቱን» ነው። እሱም ግጥም ይጽፋል። መጥፎ አይደለም፤ ትንሽ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል እንጂ። ከካዲስ የመጣ አንድ ተማሪ ገና በመጀመሪያ ቀኑ ስም ሲወጣለት፣ ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው ካዬታኖ ነበር። እንግዶቹ ሲወጡ ሲኒዎቹን አብሮኝ ሰበሰበ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

«ለምን አትነግራቸውም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? ስም ስጡኝ ብዬ ልለምን?»

«ታዲያ ለመቃብርህ ነው የምትጠብቀው?»

«ተይኝ እስቲ፣ እታለም። ደክሞኛል።»

ዓመታት አለፉና ለጓደኞቹ ሹመት መጣ። አንዱ ለዳኝነት ወደ ሴቪያ፣ ሌላው ወደ ማድሪድ፣ አባ ሴራፒዮም ወደ ሩቅ ገዳም ሊሄዱ ሆነ። በመጨረሻው ሐሙስ ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ በእረኛ ስማቸው እየተጠራሩ ተሰነባበቱ። ካዬታኖ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣቸውን ያቀብላቸዋል። ያን ሳይ ደሜ ፈላ።

«ጌቶች» አልኩ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን በግ የሌላቸው እረኞች ስናስተናግድ ኖርን። ለካዲሱ ልጅ በአንድ ግጥም ስም ተገኘለት። የቤቱ ጌታ ምን አጠፋ?»

የካዬታኖ ፊት ቀላ።

«አይ ብሪኺዳ!» አሉኝ አባ ሴራፒዮ ግራ ገብቷቸው። «እኔ እኮ ያለው መስሎኝ ነበር!»

«እኔም!» አለ ዳኛው። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። በክፋት ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር።

ከዚያ በጥድፊያ «ቲርሴኖ ይባል!» ተባለ፤ ሁሉም አጨበጨቡ። እንደ ወጉ በስሙ ግጥም ለመጻፍ ግን ጊዜ አልነበረም፤ ሰረገላው በር ላይ እየጠበቃቸው ነበር።

«ደስ አለሽ?» አለኝ ካዬታኖ በሩን ዘግቶ። «ለምነሽ ያመጣሽው ስም ምን ያደርግልኛል? ደግሞስ ማን ይጠራኛል? ሁሉም ሄዱ እኮ!»

አኩርፎኝ ሰነበተ፤ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል።

በሚቀጥለው ሐሙስ እጁ ለምዶበት ወንበሮቹን ደረደረ። ከዚያ ትንሽ ቆም አለና አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው መለሳቸው፣ የመጨረሻው ላይም ተቀመጠ። ከጓዳ ሆኜ ሳየው አንጀቴን በላው።

የነጭ ሽንኩርቱን ሾርባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ቲርሴኖ!» ብዬ ተጣራሁ። በዴልሚኖ ስስቅ የኖርኩት ሴት አልሳቅኩም። «ና፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ።»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ምን አልሽ?» አለ።

በደንብ ሰምቶኛል። ደገምኩለት።